በውሰት የሄደው ብረት

ታገሰ ሄራሞ ሱቁን የከፈተ ዕለት ሰው ሁሉ ሊያይ መጣ። ሱቅ አይቶ የማያውቅ ኖሮ አይደለም፤ ከጊምቢቹ ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ሱቅ ሞልቷል። የመጡት ብረቱን ሊያዩ ነው።

የሱቁ ፊት ጠባብ ነው፤ ያንን ጠባብ ፊት ከመሬት እስከ ጣሪያ ብረት ዘግቶታል። ታገሰ ሆሳዕና ድረስ ሄዶ፣ በያጁ አጠገብ ቆሞ፣ እዚህ ጋ ጠበቅ አድርገው፣ እዚህ ጋ ድገመው እያለ ነው ያሠራው። አውራ ጣት የሚያህል ብረት በቁምም በአግድምም ተበይዷል። መሀሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። አንድ እጅ ታስገባለች፣ ሁለት አታስገባም። ከቀዳዳዋ ሥር ዕቃ የሚቀመጥባት ትንሽ ጣውላ አለች። ወደ ውስጥ የሚገባው በጓሮ ባለች የቆርቆሮ በር ነው፤ እሷም ከነመቀርቀሪያዋ ከነቁልፏ ነች። ታገሰ ጠዋት ይገባል፣ ከውስጥ ይቆልፋል፣ ከብረቱ ኋላ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ ሱቅ ማለት ለሱ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የቀረበችው ጎረቤቱ ኤርጎጌ ነበረች። ኤርጎጌ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ቆጮ እየሸጠች ያሳደገች ሴት ነች፤ አፏን የሚይዝላት ሰው እስካሁን አልተገኘም። ፊቷን ብረቱ ላይ ለጥፋ ወደ ውስጥ አየች።

«ማነው ያሰረህ ልጄ?»

ታገሰ ሳቀ። «ምን ልስጥሽ እትዬ ኤርጎጌ?»

«እኔማ ሳሙና ልገዛ ነበር አመጣጤ። እስረኛ እንደምጠይቅ ባውቅ ምግብ ቋጥሬ እመጣ ነበር።»

ከኋላዋ የቆሙት ሳቁ። ታገሰም አብሮ ሳቀ። ሳሙናውን በቀዳዳዋ አቀበላት። እሷ ግን አልሄደችም።

«የትኛው ሳሙና ነው? ሌላውን አሳየኝ እስቲ። ያንን፣ አረንጓዴውን። አይ እሱን አይደለም፣ ከጀርባው ያለውን። ወይ ጣጣ፣ እጄን ብሰድ እኮ ደርሼ አነሳው ነበር።»

«እኔ ላንሳልሽ።»

«አሽትቼ ነው የምገዛው እኔ። ብረት አሽትቼ ልሂድ?»

ሰው አሁንም ሳቀ። ያን ቀን ብዙ ተሸጠ። ታገሰ ማታ ለሚስቱ ለዘነበች «ሰው ወዶታል» አላት። እሷ የዚህን አገር ሰው ሳቅ ታውቀዋለች። እሱ ረስቶታል።

እሱ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሮበታል፣ ከብረት ኋላ። ከአገር ሲወጣ ወጣት ነበር። በሞያሌ በኩል ወጥቶ፣ ስንቱን አገር በእግርም በጭነት መኪናም አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ገባ። እዚያ ሎኬሽን በሚሉት በድሆች ሰፈር ውስጥ፣ ከኤርሚያስ ጋር፣ እሱም የዚሁ የጊምቢቹ አካባቢ ልጅ ነው፣ አንዲት ሱቅ ያዙ። ዳቦ፣ ስኳር፣ ሻማ፣ የስልክ ካርድ ይሸጣሉ። የሚሸጡት በብረት ቀዳዳ ነው። የሚተኙትም እዚያው ጆንያ መሀል ነው። እዚያ ብረት የሌለው ሱቅ ሱቅ አይባልም። ታገሰም ብረቱን ወደደው። አዎ፣ መቼም ብረት ይወደዳል ቢሉት የሚያምን የለም፣ ግን ወደደው። በብረቱ ምክንያት ነው የኖረው።

አባቱ የሞቱት እሱ እዚያ ሳለ ነው። ለቅሶው ላይ አልነበረም። መርዶውን የሰማው በስልክ፣ ከብረቱ ኋላ ቆሞ ነው፤ ደንበኛ ዳቦ ይጠይቀው ስለነበር መጀመሪያ ዳቦውን ሰጠ፣ ከዚያ ነው ያለቀሰው።

ወደ አገሩ ሲመለስ ታዲያ ሌላ ሥራ አያውቅም። እርሻን እጁ ረስቷል። ያለው የሱቅ ሙያ ነው፣ ያንን ከፈተ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰው ቀነሰ። ማየቱም አለቀ፣ ሳቁም አለቀ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የአኑሎ ሱቅ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሰው አለው። የአኑሎ ሱቅ ዕቃው አቧራ የለበሰ ነው፣ ስኳሩ አንዳንዴ ጉንዳን ይገባዋል። ሰው ግን ገብቶ ጆንያ ላይ ይቀመጣል። ኮረሪማውን ይዘግናል፣ ያሸታል፣ ይመልሳል። ሴቶች ቅቤ በኮባ ጠቅልለው መጥተው ለአኑሎ ያስቀምሱታል፣ እሱም ጣቱን ልሶ «ይኼ የክረምት ሣር የበላች ላም ነች» ይላል። የከብት ወሬ፣ የሠርግ ወሬ፣ የቤተ ክርስቲያን ወሬ እዚያ ነው። ታገሰ በብረቱ መሀል ያየዋል። ሰው ሲስቅ ይሰማል፣ በምን እንደሚስቁ ግን አይሰማም።

በዚያ ሰሞን አባባ ዴታሞ መጡ። አባባ ዴታሞ የአባቱ ታናሽ ወንድም ናቸው። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው መጥተው ከብረቱ ፊት ቆሙ። ታገሰ ደስ አለው። አጎቱ ወደ ሱቁ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው።

«አባባ፣ ደህና አረፈዱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጨው አለህ? ለላሟ ነው።»

«ሞልቷል። አሁን እሰጥዎታለሁ።»

በርጩማው ላይ እንዳለ ዞር ብሎ ጨውን ሰፍሮ፣ በፌስታል ቋጠረና በቀዳዳዋ አወጣላቸው። እጁ ብቻ ወጣች፣ ከነፌስታሉ። ሽማግሌው እጁን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩዋት። እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

«አስቀምጠው» አሉ።

ጣውላዋ ላይ አስቀመጠው። እሳቸው ዱላቸውን አነሱ፣ ዞር አሉ፣ ሄዱ። ጨዉ እዚያው ቀረ። ታገሰ ረስተውት ነው ብሎ «አባባ፣ ጨውዎ» እያለ ተጣራ፣ አልዞሩም። ወጥቶ እንዳይከተላቸው ጓሮ ዞሮ፣ መቀርቀሪያ ከፍቶ፣ ቁልፍ ፈትቶ ነው። ተወው። ከሰዓት በኋላ የሰው ፍየል መጥታ ፌስታሉን በጥርሷ ቀዳ ጨዉን ላሰችው። እሷንም ከብረቱ ኋላ ሆኖ ሂጂ ሂጂ ከማለት በቀር ምንም ሊያደርጋት አልቻለም።

ማታ ራት ላይ ለዘነበች ነገራት። «አባባ እያረጁ ነው። ዕቃ ረስተው ሄዱ።»

ዘነበች የቆረሰችውን ቆጮ መልሳ አስቀመጠች።

«ሲመጡ ተነሳህላቸው?»

«ወዴት ልነሳ? ብረት አለ እኮ።»

«በሁለት እጅህ ነው የሰጠሃቸው?»

ታገሰ እጁን አየ።

«ቀዳዳዋ አንድ እጅ ነው የምታስገባው» አለ።

«አባትህ ሲሞቱ» አለች ዘነበች፣ ቀስ ብላ፣ «ለቅሶው ላይ በአንተ ቦታ የቆሙት እሳቸው ናቸው። ሰው ያጽናችሁ ሲል እጅ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ተቀምጠህ፣ በአንድ እጅ ነው ጨው የሰጠሃቸው?»

ከዚያ በኋላ ራቱ አልተበላም። ልጆቹ ብቻ በሉ።

በማግስቱ ታገሰ የብሎን መፍቻ ይዞ ገባ። ብረቱ ከግድግዳው ጋር የተያዘው በብሎን ነው። አንዱን ፈታ። ሁለተኛውን ሲጀምር በመንገዱ ላይ ሞተር ሳይክሎች ተከታትለው እየጮሁ አለፉ። እጁ ራሷ ወደ መጀመሪያው ብሎን ተመለሰች፣ መልሳ አጠበቀችው፣ ከበፊቱም አጥብቃ። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ። ይኼን ለማንም አልተናገረም። ለሰው ምን ይባላል?

ኤርሚያስ ከዚያው ከደቡብ አፍሪካ ይደውላል። በሳምንት አንዴ ነበር፣ አሁን በየሁለት ቀኑ ሆኗል። «ቦታህ ባዶ ነው» ይለዋል። «አገሩ ተሻሽሏል። ና።» ዘነበች ከጓዳ ሆና ትሰማለች። አንድ ቀን ስልኩ እንደተዘጋ ወጣች።

«ልትሄድ ነው?»

«አልወሰንኩም። እስከ መስቀል ልየው። ሱቁ ሰው ካላገኘ ምን አደርጋለሁ? ልጆቹ ይብሉ አይደል።»

«ልጆቹማ ሲበሉ ነው የኖሩት» አለች። ተቆጥታ አይደለም የተናገረችው፣ ደክሟት ነው። «እኔ አንድ ጊዜ ሸኝቼሃለሁ። ሁለተኛ መሸኘት አልችልበትም። ከሄድክ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ሂድ።»

ነገሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የቆመው። መስቀል ደግሞ ተቃርቧል። የአደይ አበባው ወጥቷል፣ ወንዶቹ የቅርጫውን በሬ መርጠዋል፣ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ በዊጆ፣ በቅቤ ዕቁባቸው፣ ያጠራቀሙትን ቅቤ የሚያወጡበት ሰሞን ነው። በኛ አገር ለመስቀል ቅቤ ያላዘጋጀች ሴት በዓል አላት አይባልም።

ከመስቀል በፊት ያለው የመጨረሻው ገበያ ቀን ጠዋት ፀሐይ ነበረ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረ። ገበያው ከላይ፣ ከጉብታው ነው፤ የታገሰ ሱቅ ከታች። ታገሰ በርጩማው ላይ ሆኖ ወደ ላይ ሲያይ፣ ሰው ሁሉ ገበያውን ጥሎ ወደ ታች ሲሮጥ አየ። ጆንያ የተከናነበ አለ፣ ዱላ የያዘ አለ። ይጮሃሉ። የሚሮጡት በቀጥታ ወደ እሱ ነው፤ በዚያ በኩል ከሱ ሱቅ በቀር የቆርቆሮ ጥላ ያለው የለም፣ አኑሎም በገበያ ቀን ሱቁን ዘግቶ ገበያ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ያደረገው እሱ ነው ለማለት ያስቸግራል። ከብረቱ ውስጥ በኩል የጣውላ መዝጊያ አለ፣ እሱን ዘጋ። አምፖሉን አጠፋ። በስኳሩና በጨዉ ጆንያ መሀል በሆዱ ተኛ። ወዲያው ጣሪያው ላይ ድንጋይ መውረድ ጀመረ። በረዶ ነው፣ ትልልቅ በረዶ። እሱ ግን የሰማው ድንጋይ ነው። ቆርቆሮው ይደበደባል፣ ጣውላው ይደበደባል፣ የሴት ጩኸት፣ የወንድ ጩኸት። ስሙን ይጠራሉ።

«ታገሰ፣ ክፈት። ሕፃን ይዣለሁ።»

«ኧረ በጓሮ ዙሩ፣ በጓሮ በኩል በር አለው።»

«ተቆልፏል።»

በሚያውቀው ቋንቋ ነው የሚጮሁት፣ በእናቱ ቋንቋ። ለሱ ጆሮ ግን በዚያ በሌላው ቋንቋ ነው የገባው። መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ያዘ።

በረዶው ሲያባራ የኤርጎጌ ድምፅ ተሰማ። «ሞቶ ይሆን እንዴ?» ሌላ ሰው «ውስጥ ነው፣ ሲዘጋ አይቼዋለሁ» አለ። ከዚያ የአባባ ዴታሞ ድምፅ «ተዉት» አለ። «ሂዱ፣ ተዉት።» እግሮች በጭቃው እየተንቦጫረቁ ሄዱ።

ታገሰ ተነሥቶ መዝጊያውን ገርበብ አደረገ። ከሱቁ ፊት በረዶው ነጭ ሆኖ ተከምሯል። መሀሉ ላይ ኮባ ተዘርግፏል፣ ቅቤም ተረግጦ ከጭቃ ጋር ተለውሷል። የማን ቅቤ እንደሆነ ኮባው አይናገርም፣ ግን የዊጆ ቅቤ ነው። ከፊት ለፊት ድንጋይ ላይ አባባ ዴታሞ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ውኃ ያንጠባጥባል።

ዓይናቸውን ከተረገጠው ቅቤ ላይ አነሱ።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ማን መሰልንህ?»

ታገሰ ብረቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሊል ያሰበው ይቅርታ ነበር። የወጣው ሌላ ነው። ያ ቀን ወጣ። በዚያ አገር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከላይ ከመንገዱ ሰው እንዲህ እየሮጠ ወደ ሱቃቸው እንደመጣ። ጣሪያው ላይ ድንጋይ እንደዘነበ። ብረቱ ብዙ እንደቆየላቸው፣ በኋላ ግን በመኪና ገመድ ስበው እንደነቀሉት። እሱና ኤርሚያስ ጣሪያውን ቀደው እንደዘለሉ፣ ኤርሚያስ እግሩ እንደተሰበረ፣ እሱ ተሸክሞት ሲሮጥ አንዲት አሮጊት፣ ጎጎ እያሉ የሚጠሯት፣ ሁልጊዜ ዳቦ በዱቤ የምትወስድ፣ በሯን ከፍታ እንዳስገባቻቸው። አልጋዋ ሥር እንደደበቀቻቸው። በሩ ላይ ወንበር አድርጋ እንደተቀመጠችና የመጡትን ሁሉ እየሰደበች እንደመለሰች። ከዚያ በኋላ ሌላ ሱቅ እንደከፈቱ፣ ብረቱን ወፍራም እንዳደረጉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሮጥ ካየ ሰውነቱ የሱ እንደማይሆን።

ሽማግሌው አላቋረጡትም። አንድ ጊዜ ብቻ «አሮጊቷ በሕይወት አለች?» ብለው ጠየቁ። ታገሰ አላውቅም አለ።

«ይኼን ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ለሚስትህስ?»

«ለምን አስጨንቃታለሁ ብዬ።»

አባባ ዴታሞ ጋቢያቸውን ጨመቁ። «እኛም አልጠየቅንህም» አሉ። «ስትመጣ ምን ይዘህ መጣህ ነው ያልንህ።» ተነሱ፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው በበረዶው ላይ ቀስ እያሉ ሄዱ።

ያን ሌሊት ታገሰ አልተኛም። ጠዋት ለዘነበች ሁሉንም ነገራት፣ ለአጎቱ እንደነገረው። እሷ ስትሰማ ቆይታ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። እሱ ግን «አሁን እንዴት አድርጌ ሰው ፊት እቆማለሁ?» አለ። «ሕፃን የያዘች ሴት በር ዘግቼባታለሁ። ለኤርሚያስ ልደውልለት ነው።»

«መስቀል አልደረሰም» አለች። «እስከ መስቀል ብለህ ነበር። ቃልህ ነው።»

ሱቁን ለመክፈት ሳይሆን ዕቃውን ለመሰብሰብ ሄደ። ገና ካርቶን ሲያወጣ አባባ ዴታሞ ከሦስት የቅርጫ ሰዎች ጋር መጡ። ጋሪ ይዘዋል። ሰዎቹ ቁም ነገር ያላቸው መስለው ብረቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። አንዱ ነካ ነካ አደረገው፣ በሬ ሊገዛ እንደመጣ።

«ይኼን ብረት አውሰን» አሉ አባባ ዴታሞ።

«ብረቱን?»

«የዘንድሮው በሬ ትልቅ ነው። ሥጋውን መሬት ላይ ኮባ አንጥፈን ስንደለድል ውሻ መከራችንን ያሳየናል። ይኼን በድንጋይ ላይ አጋድመን ኮባ ብናለብሰው፣ እንደ ጠረጴዛ ይሆናል።»

«ባለፈው ዓመት ውሻው የኔን መደብ ነው ይዞ የሄደው» አለ ከሰዎቹ አንዱ። «ምላሷን ከነጉሮሮዋ።»

«በሬ ነው ምላሷን የምትለው?» አለው ሌላው።

«ያው ምላስ ምላስ ነው። ሄደብኝ።»

ታገሰ አንዱንም ሌላውንም አየ። እየቀለዱ እንዳልሆነ ፊታቸው ይናገራል። ለቅርጫ ዕቃ ተለምኖ ደግሞ አይከለከልም። ምጣድ ይሁን ገመድ ይሁን፣ አለኝ ያለ ሰው ይሰጣል፤ የከለከለ ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይነሣል።

«መቼ ትመልሱታላችሁ?»

«እንደጨረስንበት» አሉ አባባ ዴታሞ።

ሰዎቹ ብሎኑን መፍታት ጀመሩ። ታገሰ ከውስጥ ቆሟል፣ እነሱ ከውጭ። የመጨረሻው ብሎን እምቢ አላቸው፣ እሱ ራሱ ሞተር ሳይክሎቹ ያለፉ ዕለት ያጠበቀው ነው። «እንዲህ አይደለም፣ ወደዚህ ነው የሚዞረው» አለና በገዛ እጁ ፈታው። ብረቱ ከግድግዳው ሲላቀቅ አቧራ ወረደ፣ ብርሃኑም በአንድ ጊዜ እስከ ኋላው መደርደሪያ ድረስ ገባ። ሱቁ ለካ ያን ያህል ትንሽ አልነበረም። አራት ሆነው ብረቱን ጋሪው ላይ ጫኑት፣ አራተኛው ታገሰ ነው።

ሰዎቹ ጋሪውን እየነዱ ሲሄዱ አባባ ዴታሞ ቀሩ። ወደ ሱቁ ገቡ፣ በፊት በኩል። የጨው ጆንያ ላይ፣ ልክ ብረቱ የነበረበት ቦታ፣ ፊታቸውን ወደ መንገድ አድርገው ተቀመጡ። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ብረቱ እስኪመለስ እኔ እዚህ ነኝ» አሉ። «ሰው እየሮጠ ከመጣ የማየው እኔ ነኝ። አንተ ሥራህን ሥራ።»

ታገሰ ካርቶኑን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ያወጣውን ዕቃ መልሶ ይደረድር ጀመር።

ትንሽ ቆየት ብሎ ሽማግሌው ከጆንያው ተነሥተው ወጡ። ወጥተው መንገዱ ላይ ዞሩና እንደ ገዢ ተመልሰው ገቡ። «ጨው አለህ?» አሉ። «ለላሟ ነው። ያኛውን ፍየል በላው አሉ።»

ታገሰ ጨዉን ሰፈረ። በርጩማው ወድቆ ነበር፣ አላነሳውም። ቀረበና ትንሽ ጎንበስ ብሎ ፌስታሉን በሁለት እጁ ሰጣቸው። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከዚያ ተመልሰው ጆንያው ላይ ተቀመጡ፣ ጨዉን እግራቸው ሥር አድርገው።

ከሰዓት በኋላ ኤርጎጌ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ግራ ቀኙን አየች።

«ተፈታህ? እንኳን ለቤትህ አበቃህ።»

«እትዬ ኤርጎጌ፣ ስለዚያ ቀን...»

«ተወው፣ ሰምቻለሁ። አጎትህ ነገሩኝ። ሙሉውን አልነገሩኝም፣ ግማሹን ነው፣ ግማሹ ይበቃኛል።» ገባች። አረንጓዴውን ሳሙና አነሳች፣ አሸተተች፣ መለሰች። ሌላውን አነሳች፣ እሱንም አሸተተች። ኮረሪማውን ዘገነች። «የተረገጠው ቅቤ የኔ ነው፣ ብታውቅ ይሻላል።»

«ልተካልሽ።»

«በምን? አንተ ላም አለህ? ቅቤ አትተካም አንተ። የመስቀል ዕለት እኔ ቤት መጥተህ የቡላ አታካና ትበላለህ። የተረፈኝን ቅቤ በሙሉ አደርገዋለሁ፣ ሳህኑን ጠርገህ ሳትጨርስ አትነሣም። ቅጣትህ እሱ ነው።»

«ኧረ ኤርጎጌ፣ እሱ ቅጣት ነው እንዴ?» አሉ አባባ ዴታሞ ከጆንያው ላይ።

«ከዚያ በኋላ ሆዱን ሲያመው ያውቀዋል።»

ሳሙናውን ገዛች። ግን ቶሎ አልሄደችም፣ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። እሷ ከተቀመጠች ደግሞ ሌላው መንገደኛ ምን ወሬ አለ ብሎ ይገባል። ዘነበች ምሳ ይዛ ስትመጣ መግቢያው በሰው ተይዞ «አሳልፉኝ» ማለት ግድ ሆነባት።

መስቀል ሆነ። በሬው ታረደ። ብረቱ እውነትም ድንጋይ ላይ ተጋድሞ፣ ኮባ ለብሶ፣ ሥጋው መደብ መደብ ሆኖ ተደልድሎበታል። ውሾቹ ከሩቅ ቆመው ያያሉ። ዕጣ ሲወጣ ታገሰ ከዳር ቆሞ ነበር፤ እሱ በቅርጫው የለበትም ብሎ ነው። ስሙ ሲጠራ አልሰማም። «ሄራሞ» ብለው ነው የጠሩት፣ በአባቱ ስም። የአባቱ ቦታ ከሞቱ ጀምሮ አልተዘጋም፤ አጎቱ በየዓመቱ አስጠብቀውት ኖረዋል። ታገሰ ቀርቦ መደቡን በኮባ ተቀበለ። ከሥሩ ብረቱን አየው፣ ደም ነክቶታል። ወዲያው ዓይኑን አነሳ፤ ሰው እየተጋፋው ነበር፣ አንዱ የጉበት ቁራሽ አፉ ውስጥ ሊያደርግለት ይታገላል።

ከመስቀል በኋላ ብረቱ አልተመለሰም። ታገሰ ሳምንቱን ጠበቀ። «አባባ፣ ብረቱስ?» አለ።

«ገና አልጨረስንበትም።»

«ሥጋው እኮ አልቋል።»

«አጥንት አለ።»

ሌላም ሳምንት ሄደ። አባባ ዴታሞ በየቀኑ ይመጣሉ፣ ጆንያው ላይ ይቀመጣሉ። ታገሰ አሁንም ሰው ሲሮጥ ካየ እጁ ወደ ጓሮው በር ይሄዳል። ይኼ አልቀረለትም፣ ቶሎም የሚቀር አይመስልም። ሽማግሌው ፊታቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ «ባጃጅ ሊያመልጣቸው ነው» ይሉታል፣ ወይም «በግ አምልጧቸው ነው»። እጁ ከመቀርቀሪያው ላይ ይወርዳል። አንዳንድ ቀን ይቆያል፣ ግን ይወርዳል።

ኤርሚያስ አንድ ጠዋት ደወለ። ያን ጊዜ ታገሰ አጎቱ ቤት ነበር፣ ለላሟ ጨው ሊያደርስ ሄዶ።

«መቼ ነው የምትመጣው? ቦታውን ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው።»

«ስጠው» አለ ታገሰ። ሳያስበው ነው የወጣው። ካለ በኋላ አሰበው፣ ሊመልሰውም አልፈለገም። «አንተ ለምን አትመጣም? ሱቁ ሰው አለው። ሁለት ሰው ያሠራል።»

«ብረት አለው?» አለ ኤርሚያስ።

«ነበረው። ተውሰው ወስደውታል።»

«ማነው ብረት የሚዋስ? መቼ ይመልሱታል?»

ታገሰ ቀና አለ። ከአጎቱ በረት መግቢያ ላይ፣ በሁለት ወፍራም ግንድ ተይዞ፣ ብረቱ በር ሆኖ ቆሟል። በሽቦ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ከኋላው አዲስ የተወለደች ጥጃ ቆማ አፍንጫዋን በዚያች ቀዳዳ አውጥታለች።

«እኔ እንጃ» አለ። «ገና አልጨረሱበትም።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። አባባ ዴታሞ ከጓሮ ብቅ ብለው፣ ብረቱን ሲያይ አይተውት፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ታገሰ ፌስታሉን ፈታ፣ ጥቂት ጨው ዘገነና እጁን በቀዳዳዋ አስገባ። ጥጃዋ መዳፉን ላሰችው።

«ለሷ አንድ እጅ ይበቃታል» አሉ ሽማግሌው።